ከሠላሳ አሥራ አንድ

ቤቴ ከሠላሳ አሥራ አንድ አግኝቷል። ይህን የምጽፈው ተቀይሜ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ተቀይሜ ነው።

ነገሩ የጀመረው አቦቦ ውስጥ ኳስ ከምናይበት ዲኤስቲቪ ቤት ነው። አቦቦን ለማታውቁ፣ ከጋምቤላ ከተማ ወደ ደቡብ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ የምታገኟት ናት፤ ላቡ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ይቀበላችኋል። ጨዋታው ሊጀመር አርባ ደቂቃ ሲቀረው ቦታ ለመያዝ ገብተን አግዳሚው ላይ ተፋፍገናል። ባለ ሪሞቱ (ስም አለው፤ ግን ሪሞት የያዘ ሰው በስሙ አይጠራም፣ ሥልጣን እንዲህ ነው) ጣቢያ ሲቀያይር ቆይቶ አንድ ቤት ላይ ቆመ።

ቤቱ ሙሉ ግድግዳው መስታወት ነው። ከመስታወቱ ወዲያ አረንጓዴ መስክ፣ ከመስኩ ወዲያ ባሕር። ሦስት ሰዎች ለቅሶ ሊደርሱ የገቡ ይመስል እጃቸውን አጣምረው በዝግታ እየተራመዱ ጣራውን ያንጋጥጣሉ፣ ግድግዳውን ይዳስሳሉ፣ ሶፋው ላይ ቁጭ ብድግ ይላሉ።

«ደላሎች ናቸው» አለ አንዱ።

«ታዲያ ዋጋውን አይናገሩም?» አለ ሌላው፣ ወደ ቴሌቪዥኑ እየጮኸ።

እንግሊዝኛ የሚያስተምረው መምህር ከኋላ ተነስቶ አስረዳን። ውድድር ነው፣ የቤት ውድድር። ስኮትላንዶች እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በቢቢሲ ያሳዩታል፤ አየርላንዶች ደግሞ በ2015 ቀድመዋቸዋል። ሦስት ዳኞች የሰው ቤት እየዞሩ ያያሉ፣ እያንዳንዳቸው ከአሥር ይሰጣሉ፣ ተደምሮ ከሠላሳ ይያዛል። በመጨረሻ አንደኛ የወጣው «የዓመቱ ቤት» ይባላል።

«ያሸነፈ ምን ያገኛል?»

«ስም» አለ መምህሩ።

«ቤቱ እኮ ድሮም የራሱ ነው!»

«አዎ፣ የራሱ ነው።»

አግዳሚው ላይ አጭር ጸጥታ ወረደ። ፈረንጅ አንዳንዴ እንዲህ ዝም ያሰኛል። ወዲያው ካሜራው መታጠቢያ ቤት ገባ። ገንዳው ከመስታወቱ ሥር ነው፤ የሚታጠበው ሰው ባሕሩን ያያል፣ ባሕሩም ሰውየውን ያያል። «ጎረቤት የላቸውም እንዴ?» አለ የአይሱዙው ሹፌር። ከዚያ በኋላ የተባለውን እዚህ መጻፍ አይቻልም።

እኔን የገረመኝ ግን ገንዳው አልነበረም፤ የባለቤቶቹ አለመኖር ነው። ዳኞቹ ሲገቡ ቤት ውስጥ ማንም የለም። «ኑ፣ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ!» የሚል የለም፣ ውሃ የሚያቀርብ የለም፣ እቃ የሚያነሳሳና ይቅርታ የሚጠይቅ የለም። የማን ቤት እንደሆነ እንኳ ከመጽሐፉና ከወንበሩ ተነስተው ነው የሚገምቱት። ይህ በሕግ ቋንቋ «በሌለበት ተፈረደበት» የሚባለው ነው። እኛ የምናውቀው ፍርድ ቤት ሰው ገብቶ የሚፈረድበትን ቤት ነበር፤ እዚያ ግን ቤቱ ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ቀረበ፣ ያውም ያለ ጠበቃ።

ኳሱ ተጀመረና ረሳነው። እኔ ረሳሁት ማለቴ ነው።

በሳምንቱ አቦቦ ውስጥ ነጥብ የማይሰጠው ነገር ጠፋ። ሻይ ቤት ገብቶ «ሻዩ ስድስት፣ ብርጭቆው ሦስት» የሚል መጣ። ለቅሶ ላይ ድንኳኑን ዙሪያውን አይቶ «ሰባት አይከፋም» ያለ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። መምህሩ ደግሞ የተማረ ነውና ከፍ አድርጎ ጀመረው፤ የአልዌሮን ግድብ አቀረበልን። በደርግ ዘመን በሶቪየቶች እገዛ የተጀመረ፣ 10 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የታሰበ፣ ግን የሩዝ እርሻው እስኪመጣ ድረስ ለብዙ ዓመት ውሃውን አንተርሶ የተኛ ግድብ። ተከራከርንና ለንድፉ ዘጠኝ፣ ለሥራው ሁለት፣ ለዓሣው አሥር ሰጠነው። ሃያ አንድ። ያኔ ስስቅ ነበር፤ የራሴ ቤት ከግድቡ በአሥር ነጥብ እንደሚያንስ በምን አውቄ።

በቴሌቪዥን የሚታይ የቤት ውድድር እኛ አገር የለም እንዳትሉ ብቻ። አለ፤ ዕጣ ይባላል። አዲስ አበባ ያለች ዘመዴ በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዘገበች፣ በ2005 እንደገና ተመዘገበች፤ የዕጣው ቀን ቤተሰቡ ሁሉ እንደ ዓለም ዋንጫ ቴሌቪዥኑ ፊት ይደረደራል። ዳኛው ኮምፒውተር ነው። ብርሃን በየት በኩል ይገባል ብሎ አይጠይቅ፣ ቀለሙ ከመጋረጃው ይሄዳል አይሄድም አይል። በሐምሌ 2014 እንዲያውም ዳኛው ራሱ ተከሳሽ ሆነና መረጃው ተነካክቷል ተብሎ የ14ኛው ዙር ዕጣ በወጣ በቀናት ውስጥ ተሰረዘ፤ በኋላ እንደ አዲስ ወጣ። ስኮትላንድ የሚወዳደረው ቤት ያለው ነው። እኛ ዘንድ የሚወዳደረው የሌለው ነው። ዘመዴ ደጋግማ ተወዳድራለች፤ የምትኖርበትን የኪራይ ክፍል ግን አንድም ዳኛ መጥቶ አላየላትም።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ግን ወደ ቤቴ ከመግባታችን በፊት በአባቴ ቤት በኩል ማለፍ አለብን።

ቤተሰቤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነስቶ በሰፈራ ነው እዚህ የደረሰው። ወሎ እያሉ የነበሩበት መንደር ስም ነበረው፤ ስሙም ታሪክ ነበረው፤ ታሪኩም ሁለት የማይስማሙ ሽማግሌዎች ነበሩት። እዚህ የጠበቃቸው ቁጥር ነው። መንደር 7፣ መንደር 11፣ መንደር 17። እኛ 11 ደረሰን። አሁን ሳስበው ገና ጎጇችን ሳያልቅ ነጥብ ተሰጥቶን ነበር፤ ከስንት እንደሆነ የነገረን ግን የለም።

በዚያን ጊዜ ለሰፋሪው ጎጆ እንዲሠሩ ከዘመቱት መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩበት። የኛን የሠራው፣ እንደ አባቴ አባባል፣ የሕግ ተማሪ ነው። ምሰሶው ትንሽ ወደ ግራ ዘመም ስለሚል «ጠበቃ የሠራው ቤት መቼም ወደ አንድ ወገን ያደላል» ይል ነበር አባቴ። ክረምቱ ሲበረታ ጣራው አፈሰሰ። አባቴ ይግባኝ አለ፤ ማለት ክዳኑን አፍርሶ ራሱ እንደገና ከደነው።

ከዚያ ምስጥ መጣ። ደገኛ ግድግዳ ሲያቆም እንጨት ተክሎ፣ ማገር አስሮ፣ በጭድ የቦካ ጭቃ ይመርግበታል። የጋምቤላ ምስጥ ይህን ሲያይ የተሸፈነ ማዕድ ነው የመሰለው። እንጨቱን ከውስጥ ቅርጥፍ አድርጎ ይበላና ጭቃውን ቆሞ ይተወዋል። ከውጭ ሲታይ ግድግዳው ግድግዳ ነው፤ ኖራ እንኳ ተቀብቷል። አንድ እሑድ አጎቴ ቶናውን እየጠጣ ደገፍ አለ። ከነሲኒው ጎረቤት ግቢ ተገኘ። ቡናው አለመፍሰሱን እስከ ዛሬ በኩራት ያወራል። ያ ግድግዳ አጎቴ ከመደገፉ ከአንድ ደቂቃ በፊት በየትኛውም ዳኛ ፊት ከአሥር ስምንት አያጣም ነበር።

ከምስጥ ጋር የተስማማ ሰው ካለ ዶርዜ ነው። የዶርዜ ቤት በቀርከሃ ተጠልፎ፣ ፊቱ የዝሆን ፊት መስሎ፣ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይቆማል። ምስጡ ከሥር ሲበላው ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ሲበላው ዝቅ ይላል፤ ግን ቤት መሆኑን አይተውም። ቦታ መቀየር ካስፈለገም ጎረቤት ተጠርቶ በትከሻ ተሸክሞ ያዛውረዋል። ባለቤቱና ቤቱ አብረው ያረጃሉ፣ ሁለቱም ቁመት እየቀነሱ። ለእንዲህ ያለው ቤት ነጥብ ልስጥ የሚል ዳኛ በየትኛው ዓመት ሊመጣ ነው?

እኔ እንግዲህ የዚያ የዘመመ ጎጆ ልጅ በመሆኔ ከአምስት ዓመት በፊት ቁጭቴን ተወጣሁ። ቆርቆሮ ቤት ሠራሁ። እኛ ጋ ቤት በካሬ ሜትር አይነገርም፣ በቆርቆሮ ነው የሚቆጠረው፤ የኔው የሠላሳ ቆርቆሮ ቤት ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ልስን፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ ሳሎኑ ውስጥ ከጋምቤላ በአይሱዙ የመጣ ባለ ከፋይ ሶፋ። ሶፋው የመጣበት ላስቲክ አልተቀደደም። ፊት ለፊቱ ቡፌ አለ፤ ቡፌው ውስጥ አንድ ደርዘን ብርጭቆ አለ፤ ከብርጭቆዎቹ ውስጥ ውሃ ነክቶት የሚያውቅ የለም።

ችግሩ አንድ ብቻ ነው። ቤቱ ውስጥ መግባት አይቻልም።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ መጮህ ይጀምራል። ጠ! ጠ! እያለ ይለጠጣል። ሚስቴ ለጌጥ ብላ ቡፌው ላይ ያቆመቻት ሮዝ ሻማ መጋቢት ሲጋመስ በቀስታ ጎንበስ ብላ ሰገደች፤ እስካሁን ቀና አላለችም። ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲገባ ደግሞ ሙቀቱ ይበርድና ጩኸቱ ይተካል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅረው ከሚስቴ ጋር የምንነጋገረው በእጅ ምልክት ነው። ትዳራችን ክረምት ክረምት ሰላም የሚሆነው ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ የምንኖረው ጓሮ ነው። ከቤቱ ጀርባ ለማዕድ ቤት ተብላ የተቀለሰች የሳር ጎጆ አለች፤ እዚያ እንበላለን፣ እዚያ አጎበር ሰቅለን እንተኛለን። «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» የሚባለው ለክፉ ባል ነበር፤ እኔ ለሳሎኔ ተውሼዋለሁ።

አማርኛም ቢሆን የሚያውቀው ጎጆን ነው። ልጅ ሲያገባ «ጎጆ ወጣ» እንላለን እንጂ «ቆርቆሮ ወጣ» አንልም። ሙሽሮችን «ጎጇችሁን ያሙቅላችሁ» ብለን እንመርቃለን፤ «ቆርቆሯችሁን ያሙቅላችሁ» ብሎ የመረቀ የለም፣ አቦቦ ላይ ቢል ደግሞ እርግማን ነው ተብሎ ሽማግሌ ይሰበሰብበታል። አዲስ አበባ ሄዳችሁ እንደሆነ ሳር ቤት የሚባል ሰፈር ታውቃላችሁ። ስሙ ከሳር ክዳን ቤቶች የቀረ ነው፤ ዛሬ እዚያ ሳር ከታየ አጥር ግቢ ውስጥ ተከርክሞ፣ ውሃ እየጠጣ፣ ጠባቂ ቀጥሮ ነው። ሳሩ ከጣራ ወርዶ መሬት ላይ ሲሆን ሀብት ሆነ፤ ጣራ ላይ እያለ ግን ድህነት ነበር።

ዳኞቹ የመጡት በመጋቢት፣ ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። ባለ ሪሞቱ፣ መምህሩና ሹፌሩ። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም። ባለ ሪሞቱ ሪሞቱን ይዞ ነው የመጣው፤ እዚያ ትቶት ቢመጣ ሌላ ሰው ይሾማል ብሎ ሰግቶ መሆን አለበት። «አንተ ውጣ» አሉኝ። «በደንቡ መሠረት ባለቤት አይገኝም።»

«ከቤቴ?»

«ከቤትህ።»

እኔ ግን የወሎ ሰው ልጅ ነኝ። እንግዳ መጥቶ እንዴት ብዬ እወጣለሁ? ደግሞስ የት አስቀምጣቸዋለሁ? ሐረር ቢሆን ኖሮ ይህ ጥያቄ አይነሳም ነበር። የሐረሪ ቤት ሳሎን ውስጥ ነደባ የሚሉት ከፍና ዝቅ ያለ መደብ አለ፤ ሽማግሌው የት፣ እንግዳው የት፣ ወጣቱ የት እንደሚቀመጥ ከፍታው ይናገራል። እዚያ ቤቱ ነው ሰውን የሚፈርደው። እነዚህን ሦስቱን ሐረር ወስዶ በር አካባቢ ዝቅተኛው ላይ ማስቀመጥ ነበር።

ላስቲኩ ላይ አስቀመጥኳቸው። መምህሩ እጁን አጣምሮ ጣራውን አንጋጠጠ፤ አቡጀዲው መሃሉ ላይ ሆድ አውጥቷል። ሹፌሩ ቡፌውን ከፈተ። ባለ ሪሞቱ ሪሞቱን ወደ ሻማዋ ቀስሮ ምን ሆና ነው አለ። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ ከላስቲኩ ላይ ሲነሱ ጭራሽ የማይረሳ ድምፅ ወጣ፤ ሱሪያቸው ተጣብቆ ነበር። ግንባራቸው ላይ ላቡ ኮለል ይላል። ነጥቡን እየጻፈ የነበረው መምህር ወረቀቱ ረጥቦ ቀለሙ ተሰራጨ።

«ውጭ እንጨርሰው» አለ ሹፌሩ።

ጋምቤላ ደግሞ በእንግዳ ቆይታ ትታወቃለች። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል እንግሊዞች ባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን፣ ወንዙን ተከትሎ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ተፈቀደላቸው። እንግዳ አንድ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛው ቀን ብር፣ ሦስተኛው ቀን ብረት ነው ይባላል። እነሱ፣ ጣልያን መሃል ገብቶ ካቋረጣቸው ጊዜ በቀር፣ ሱዳን ነጻ እስክትወጣ ቆዩ፤ ብረቱን አልፈው ዝገቱ ላይ ደርሰው ነበር። የኔ እንግዶች ወርቅ ሳሉ ሄዱ። ሳሎኔን የማልወቅሰው ለዚህ ብቻ ነው።

የሄዱት ግን ሩቅ አይደለም። ወደ ጎረቤቴ ግቢ ነው።

ጎረቤቴ እማማ የምንላቸው የአኙዋ እናት ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ከዛፉ ሥር ያለው መሬት ሁልጊዜ ተጠርጓል፤ መጥረጊያው ያለፈበት መስመር ሳይቀር ይታያል። ከዛፉ ጀርባ ክብ ቤት አለ። የሳር ክዳኑ ደርብ ደርብ እየሆነ፣ አንዱ ዙር በሌላው ላይ እየተቀመጠ፣ ቁልቁል ወርዶ ከግድግዳው አልፎ ስለሚዘረጋ ከሥሩ ጥላ አለ። በሩ ዝቅ ያለ ነው። ጎንበስ ሳትል አትገባም፤ ሻማዬ ትዝ አለችኝ።

በሩ ፊት ያለውን ወለል የሚለቀልቁት በየጊዜው ነው። አንድ ጠዋት ቆሜ አይቻቸዋለሁ። ጭቃው ቦክቶ፣ ከጥራጊ ተለይቶ፣ እንደ ጥሩ ሊጥ ለስልሷል። እፍኝ እያነሱ ያፈስሱና በመዳፋቸው ገፋ፣ መለስ፣ ገፋ፣ መለስ እያደረጉ ይዘረጉታል። ሳይደርቅ ጣታቸውን አቅንተው ከደፉ ጀምሮ መስመር ይስባሉ፤ መስመሩ ጥምዝ ብሎ ወደ መጣበት ይመለሳል፣ ሌላው ይከተለዋል፣ በመካከላቸው በአውራ ጣት ነጠብጣብ ይጫናሉ። አንዴም ቀና ብለው አያዩትም። የሚያዩት እኔን ነው፤ እያወሩኝ ነው የሚሠሩት።

«እማማ፣ ዝናብ ሲመጣ ያጥበው የለም እንዴ? ምን ያደክምዎታል?»

«አንተ ዛሬ ጠዋት ፀጉርህን አበጥረሃል?»

«አዎ።»

«ነገስ?»

ዝም አልኩ።

እና ዳኞቹ እዚያ ማንጎ ሥር ሄደው ተቀመጡ። ሚስቴ ረከቦቱን ተሸክማ ተከተለቻቸው፤ ከሳሎኔ ይልቅ የሰው ጥላ ሥር ቡና ስታፈላ ያፈረች አትመስልም ነበር። ማንጎው ገና ጥሬ ነው፤ ልጆች እንደሆኑ ጥሬም ብስልም አያውቁ፣ በጨው ይበሉታል። አቦል ወረደ። ሹፌሩ ጫማውን አወለቀ። ቶና ሲወርድ መምህሩ ግንዱን ተደግፎ እግሩን ዘረጋ። በረካ ላይ ባለ ሪሞቱ ሪሞቱን ራስጌው አድርጎ አንቀላፋ። ሦስት ሰዓት ያህል እዚያ ቆዩ። ጥላው ሲዞር እነሱም አብረው ዞሩ።

ፍርዱ የተነበበው ያን ጊዜ ነው። መምህሩ አራት፣ ሹፌሩ አራት፣ ባለ ሪሞቱ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ሦስት። አሥራ አንድ።

«መንደርህን ይዘህ መጣህ!» አለ ሹፌሩና ሁሉም ተንከተከቱ። ሚስቴም ጭምር። ከሠላሳ ቆርቆሮዬ የተቆጠረልኝ አሥራ አንዱ ብቻ ነው፤ አሥራ ዘጠኙ እዚያ ላይ ዝም ብሎ ይጮሃል ማለት ነው።

«የእማማስ?» አልኩ በንዴት። «እስኪ ለዚህኛው ስጡ!»

መምህሩ ዞር ብሎ አየው። «ይሄማ ጭቃ ቤት ነው» አለ። «ውድድሩ የተሠራ ቤት ነው የሚለው።» ጭቃ ቤት አልተሠራም ማለት ነው እንግዲህ፤ በቅሏል። ሦስት ሰዓት ሙሉ የተቀመጠበትን ግቢ አስቦት አያውቅም። እኔ ግን የሠላሳ ቆርቆሮ ቂም ይዣለሁና ያን ዕለት ማታ ስልኬን ይዤ ማስረጃ ስፈልግ አመሸሁ፤ አገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ2022 የሥነ ሕንፃን ትልቁን ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ የወሰደው የቡርኪናፋሶው ተወላጅ ፍራንሲስ ኬሬ ነው፤ የመጀመሪያው አፍሪካዊ። ስሙን ያስጠራው በትውልድ መንደሩ በጋንዶ ከአገሩ ሰው ጋር ሆኖ የሠራው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፣ በ2001 ያለቀ። ግድግዳው የመንደሩ አፈር ነው። ቆርቆሮም አለው፤ ግን ቆርቆሮውን ከኮርኒሱ በላይ ከፍ አድርጎ ስለሰቀለው ነፋሱ በመካከል ያልፋል፣ ሙቀቱም ከልጆቹ ጭንቅላት ላይ ይነሳል።

ይህን አንብቤ ለሚስቴ አሳየኋት። «አንተስ ቆርቆሮውን ስታለብስ ምን አነሳህ?» አለችኝ። እውነት ለመናገር ያነሳሁት ብድር ብቻ ነው።

በነጋታው ለመምህሩ ኬሬን ነገርኩት። አላፈረም፤ ደስ አለው። የተማረ ሰው ሲሸነፍ አዲስ መረጃ ያገኘ ነው የሚመስለው። እሱም በፈንታው አንድ ነገር ነገረኝ። የስኮትላንዱ ውድድር የፍጻሜ ተወዳዳሪዎች የሚሰበሰቡት ግላስጎው ውስጥ ባለ አንድ ያማረ ቤት ነው። ያን ቤት ቻርልስ ሬኒ ማኪንቶሽ ከሚስቱ ከማርጋሬት ማክዶናልድ ጋር የነደፈው እ.ኤ.አ. በ1901 ለአንድ የጀርመን መጽሔት ውድድር ነበር፤ ሥዕሎቹን በጊዜው አሟልቶ ስላላቀረበ ከውድድር ውጭ ሆነ። ቤቱ ወረቀት ላይ ቀረ። ሥራው የተጀመረው በ1989፣ ያለቀውም በ1996 ነው፤ ማኪንቶሽ ከሞተ ስንትና ስንት ዘመኑ። እና ዛሬ የሰው ቤት የሚዳኘው ከውድድር በተባረረ ቤት ውስጥ ነው።

«ስለዚህ አይክፋህ» አለኝ መምህሩ። «አንተም ዘጠና ዓመት ታገስ።»

የፍጻሜው ዕለት ዲኤስቲቪ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ኳስ አልነበረም፤ ለቤት ብቻ ነው ያ ሁሉ ሰው የመጣው። ባለ ሪሞቱ የመግቢያውን ሒሳብ እንደ ኳስ ቀን ነው ያስከፈለን። አንዱ ደጋፊ የመስታወቱ ቤት ነው፣ ሌላው የድንጋዩ። ሹፌሩ ለመስታወቱ ቤት አስይዟል፤ ገንዳዋ ከዓይኑ አልጠፋችም መሰለኝ። ሦስቱ ዳኞች ቆሙ። አንዷ ፖስታ ይዛለች። ፈገግ አለች። አፏን ከፈተች።

መብራት ሄደ።

የተነሳው ጩኸት መንደር 17 ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ጄኔሬተሩ ቤንዚን የለውም። በጨለማው ውስጥ ሙቀቱ ወዲያው እጥፍ ሆነ፤ የዚያም ቤት ጣራ ቆርቆሮ ነዋ። እየተገፋፋን ወጣን። ውጭ ጨረቃ ነበረች፣ ከአልዌሮ በኩልም ትንሽ ነፋስ። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም፤ በየዛፉ ሥር ተከፋፍለን ተቀመጥን፣ ማን አሸነፈ እየተባባልን። ባለ ሪሞቱ ሪሞቱን እንደያዘ ወደ ጨለማው ቤት ይቀስራል፣ ይጫናል፣ ይቀስራል። ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አልሰማንም። ሹፌሩ የመስታወቱ ነው ይላል፤ ያስያዘው ሰው ግን አልከፈለውም።

በማግስቱ ጠዋት በእማማ ግቢ በኩል ሳልፍ ወለሉን አዲስ ለቅልቀውታል። ገና አልደረቀም። መስመሮቹ ተጥመዝምዘው ሲመለሱ፣ በመካከላቸው ነጠብጣቡ። አንዲት ዶሮ ከአንደኛው ጫፍ እስከ ሌላኛው ተራምዳበት አልፋለች፤ የእግሯ ምልክት በጥምዙ መካከል ሦስት ሦስት ጣት እያለ ተሰልፏል። እማማ አላጠፉትም። እንዲያውም በመጨረሻው ላይ ሁለት ነጠብጣብ ጨምረውበት ዶሮዋ የሳለችውን የራሳቸው አድርገውታል።

ቆምኩና፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ አንገቴን ዘንበል አድርጌ ማስላት ጀመርኩ። ለመስመሩ ዘጠኝ። ለዶሮዋ...

«ምን እያየህ ነው?» አሉኝ እማማ ከውስጥ፣ ዝቅ ባለው በር ጎንበስ ብለው እየወጡ።

«ነጥብ ልሰጥዎት ነው፣ እማማ።»

ወደ መሬት አዩ። እኔም አየሁ። አርባ ሦስት ቁጥር ነጠላ ጫማዬ፣ ከነጥርሱ፣ ጥምዙ መሃል ላይ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ገብቷል።

«ዳኛው» አሉ እማማ፣ «በመጀመሪያ እግሩን ያንሳልኝ።»